ከሐረጎው አደጋ ወዲህ መኪና ውስጥ መግባት አቅቶኛል፤ ለዚህ ካሳ ይጠየቃል ወይ?

የቧንቧ ውኃ ልጅ — ማክሰኞ፣ መጋቢት 9፣ ከምሽቱ 3፡15

ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙ ጊዜ አንባቢ ነኝ፤ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ከረዘመባችሁ አፉ በሉኝ።

ካቻምና ነሐሴ አጋማሽ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስንወርድ ሐረጎ ላይ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ መሥመሩን ለቅቆ መጣብን። የነሐሴን የሐረጎ ጉም የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከጎኔ አንዲት ልጅ ነበረች። እኔ ነበርኩ መስኮቱ ጋ። በረደኝ ስላት «ና፣ እኔ ልሁን» ብላ ቦታ ቀየረችኝ። ሐረጎ አጋማሽ ሳንደርስ ሞተች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም ነበር።

እኔ ግራ እጄ ተሰብሮ በሁለት ወር ተኩል ዳንኩ። የአይሱዙው ባለቤት ሽማግሌ ልኮ 18,000 ብር ሰጠኝ፤ ወረቀት ላይ ፈረምኩ። በዚህ አለቀ ብዬ ነበር።

አላለቀም። ኮምቦልቻ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ደመወዜ 9,400 ብር። ሥራ ስመለስ ሚኒባሱ ሸዋ በርን እንዳለፈ ትንፋሼ ይቆረጣል፤ «ወራጅ!» ብዬ እወርዳለሁ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። በመጨረሻ ለቀቅኩ። አሁን ደሴ ውስጥ ባጃጅ እንኳ አልሳፈርም፤ ከቧንቧ ውኃ ፒያሳ በእግሬ ነው። ሌሊት ያቺን ልጅ አያታለሁ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ደግሞ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት ሲቁላላ ከሸተተኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። እናቴ ቁሌቱን ጎረቤት ሄዳ አቁላልታ ነው ይዛ የምትመጣው። ሰው ሲሰማ ይስቃል።

ጥያቄዬ፦ አጥንት ለተሰበረ ካሳ እንዳለ አውቃለሁ። ለዚህኛውስ ሕጉ የሚለው ነገር አለ?

---

የሐይቁ ዓሣ አጥማጅ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

አብሽር ወንድሜ። ተርፈሃልና አልሐምዱሊላህ በል። ፍርድ ቤት ስትመላለስ ያለችህንም ጤና ታጣታለህ። ወዳጃ አስደርግ፣ ቡናው ይፈላ፣ ጎረቤት ይምረቅህ። የኛ ሰው ከዚህ የባሰውን በዱአ ነው ያለፈው።

---

የባቲዋ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡02

ዱአው ይቅር አላልኩም፤ እኔም አስደርጋለሁ። ግን «ተርፈሃል» የሚሉት ቃል ወንድሜን ምን ያህል እንዳቆሰለው ባየህ አትለውም ነበር። የእኛው ከሚሴ መግቢያ ላይ ነው የተገለበጠው። ሁለት ዓመት ሙሉ ደበቅነው። «አማኑኤል ይወስዱታል፣ እብድ ይባላል፣ እህቶቹን ማን ያገባቸዋል» እየተባለ። ሐኪም ዘንድ የሄደው በሦስተኛው ዓመት ነው። ያኔ ስለ ካሳ ስንጠይቅ ጊዜው አልፏል ተባልን። የቧንቧ ውኃ ልጅ፣ አንተ ስንት ጊዜ ሆነህ?

---

የቧንቧ ውኃ ልጅ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

አንድ ዓመት ከሰባት ወር።

---

ጠበቃ ነኝ ከደሴ — ረቡዕ፣ መጋቢት 10፣ ከጠዋቱ 2፡30

ትናንት ማታ አይቼው ለዛሬ ያሳደርኩት በችኮላ እንዳልመልስ ነው። የባቲዋ የጠየቀችው ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2143 ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው ይላል። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) ካስቀመጠለት ረዥሙ ይሠራል የሚል ንዑስ ቁጥር አለው፤ እሱን ግን መጠባበቂያ አድርገህ ያዘው እንጂ ተማምነህበት አትተኛ። አምስት ወር አለህ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አዎ፣ ይጠየቃል። ነገር ግን እንዴት አድርገህ እንደምትጠይቀው ካላወቅህ 1,000 ብር ይዘህ ትወጣለህ። አልተሳሳትኩም፤ አንድ ሺህ ብር። ቁጥር 2113 የአካል ጉዳት ለደረሰበት ሰው ዳኛው የሕሊና ጉዳት ካሳ ሊፈርድለት ይችላል ይላል። ቁጥር 2116 ንዑስ 3 ደግሞ የሕሊና ጉዳት ካሳ በምንም ሁኔታ ከ1,000 ብር አይበልጥም ይላል። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም ነው፤ ቁጥሩ እስከ ዛሬ እዚያው ተቀምጧል።

ብዙ ሰው፣ ጠበቆችም ጭምር፣ እዚህ ላይ ነው የሚሰናከሉት። አእምሮው የታመመ ሰው ሲመጣ «ይህ የሕሊና ጉዳት ነው» ብለው በአንድ መሥመር ጽፈው ያልፉታል። ሐዘንህ፣ ጸጸትህ፣ የልጅቷ ፊት፣ እነዚህ የሕሊና ጉዳት ናቸው፤ ጣሪያቸው ሺህ ብር ነው። ለሐኪም የከፈልከው፣ ለመድኃኒት ያወጣኸው፣ ያጣኸው 9,400 ብር ደመወዝ ግን የሕሊና ጉዳት አይደለም። በገንዘብ የሚቆጠር ጉዳት ነው። ቁጥር 2091 ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል፤ ጣሪያ አላበጀለትም። ወደፊት መድረሱ እርግጠኛ የሆነውንም ጉዳት በ2092 መጠየቅ ትችላለህ። መጠኑ በትክክል የማይታወቅ ሲሆን ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ባለው መጠን የሚወስንበት 2102 አለ።

ስለዚህ ክስህ ላይ «አዝኛለሁ» ብለህ አትጀምር። «ታምሜያለሁ» ብለህ ጀምር።

---

ጡረተኛው መምህር — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡05

ጠበቃው ያነሱትን ሺህ ብር ሳይ ትዝ ያለኝን ልጻፍ። ልጆች፣ ያን ጊዜ ሺህ ብር ሺህ ብር ነበር። አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ50 ገደማ በሚመነዘርበት ዘመን 400 ዶላር ማለት ነው። ሺህ ብር ያለው ሰው ወሎ ውስጥ በሬ ገዝቶ፣ ቤት ሠርቶ፣ ልጁን ድሮ ይተርፈው ነበር። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ሐዘን በገንዘብ አይለካም፣ ለምልክት ያህል ይበቃል ብለው ይሆናል። ምልክቱ ግን አሁን ምን ይገዛል? ትናንት ፒያሳ ሁለት ኪሎ ሥጋ ጠይቄ አፍሬ ተመለስኩ።

---

የአምባሰል ሽማግሌ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡20

እኔ ደግሞ አንድ ነገር አልገባኝም። ልጄ፣ ሽምግልና ተቀምጠህ፣ ብር ተቀብለህ፣ ፈርመህ፣ ተመራርቃችሁ ተለያይታችኋል። ዛሬ ተመልሰህ ክስ ስትል የሽማግሌው ነጭ ጋቢ ምን ይሁን? ነገ የባሰ ደም ሲፈስ ማን ይታረቃል? ሽምግልና እኮ ወሎን ያቆመ ነው።

---

የባቲዋ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡45

አባቴ፣ አከብርዎታለሁ። ግን ያ ሽምግልና የተቀመጠው ልጁ እጁ በጄሶ እያለ ነው። ሌሊት ምን እንደሚያይ ማን ጠየቀው? ሽማግሌ የሚታረቀው የታየውን ነው። ያልታየውን በምን ይታረቃል?

---

የአምባሰል ሽማግሌ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡10

እውነት ብለሻል። ያልተነገረ ነገር አልታረቅንም። ግን እንደዚያ ከሆነ ፍርድ ቤት ከመሮጡ በፊት ሽማግሌዎቹን ይጥራና ይንገራቸው። እነሱም ሰው ናቸው።

---

ጠበቃ ነኝ ከደሴ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡00

አባታችን ያሉት ከሕጉም ጋር ይገናኛል። የፈረምከው ወረቀት ምን ይላል? ቃል በቃል ጻፈው። በሕጋችን እርቅ ቀላል ነገር አይደለም፤ በቁጥር 3312 መሠረት በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ነው የሚቆጠረው። «ከዚህ አደጋ ጋር በተያያዘ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» ይል ከሆነ መንገዱ ጠባብ ነው።

---

የቧንቧ ውኃ ልጅ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

ከመሶቡ ሥር አገኘሁት። እንዲህ ይላል፦ «ለግራ እጄ ስብራት ሕክምና ብር 18,000 (አሥራ ስምንት ሺህ) ተቀብያለሁ። ስለ እጄ ጉዳት ከእንግዲህ አልጠይቅም።» ሦስት ሽማግሌ፣ የእኔ ፊርማ፣ የሰውየው ፊርማ።

---

ጠበቃ ነኝ ከደሴ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡52

ይህን የጻፈው ሽማግሌ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እጁ ይባረክ። «ስለ እጄ» ብሎ ወስኖታል። ሌላው ወገን «ሁሉንም ጨርሰናል» ብሎ መከራከሩ አይቀርም፤ አንተ ግን የምትቆምበት መሬት አለህ። ወረቀቱን ኮፒ አድርገው፣ ዋናውን ለማንም አትስጥ።

---

ነርስ ሸዋ በር — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡00

የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። ወንድሜ፣ የሽንኩርቱ ነገር አያሳፍርህ። አእምሮ በዚያች ቅጽበት የነበረውን ሽታና ድምፅ ከአደጋው ጋር አስሮ ያስቀምጠዋል። የፍሬን ድምፅ ሲሰሙ ሱቅ ጣውላ ሥር የገቡ ሰዎች አይቻለሁ። ትዝታው እየተመለሰ መምጣቱ፣ ቦታውን መሸሽህ፣ እንቅልፍ ማጣትህ፣ «እኔ በሞትኩ» የሚለው ጸጸት፣ እነዚህ አንድ ላይ ከአንድ ወር አልፈው ሲቆዩና ሥራህን ሲያስለቅቁህ ስም ያለው ሕመም ነው፤ ከአደጋ በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም ይባላል። ይታከማል። በንግግር የሚሰጥ ሕክምና አለ፤ የሸሸኸውን ነገር ደረጃ በደረጃ እየቀረብክ የምትለምድበት ነው። ሲያስፈልግ እንደ ሰርትራሊን ያለ መድኃኒት ይጨመራል። ከመድኃኒት ቤት በራስህ የእንቅልፍ ኪኒን እየገዛህ እንዳይሆን ብቻ።

ስለ ማስረጃው የማየውን ልንገርህ። ሰው ለክስ ብሎ ሲመጣ «ወረቀት ጻፊልኝ» ይላል። አንድ ቀን ታይቶ የሚጻፍ ወረቀት ዳኛ ፊት ክብደት የለውም። ተመላለስ። ካርድህ ላይ ይጻፍ፦ መቼ ጀመረ፣ ምን ታልማለህ፣ ሥራ ለምን ለቀቅህ። አንድ ነገር ደግሞ ከአሁኑ ተዘጋጅበት። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ደሴም ኮምቦልቻም ምን እንዳየ ሁላችንም እናውቃለን። ያኔ እዚህ ነበርክ?

---

የቧንቧ ውኃ ልጅ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡20

ነበርኩ። ሁለት ሳምንት ምድር ቤት ተደብቀን ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ሥራዬን ስሠራ፣ ሐረጎን በቀን ሁለቴ ስመላለስ ነው የኖርኩት።

---

ነርስ ሸዋ በር — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡31

ለሐኪሙ ይህንኑ ንገረው፣ አትደብቀው። ሌላው ወገን «ሕመሙ የጦርነቱ ነው እንጂ የመኪናችን አይደለም» ሊል ይችላል። ከደበቅኸውና በኋላ ከወጣ ሌላው ቃልህም ይጠረጠራል። ከተናገርከው ግን «ከጦርነቱ በኋላ ዓመታት ሙሉ በዚሁ መንገድ ሲሠራ ነበር፤ ሕልሙም ስለ መኪናው ነው» ብሎ ሐኪሙ ራሱ ይለየዋል። የደመወዝ መዝገብህ ደግሞ ሥራ ላይ እንደነበርክ ይመሰክራል።

---

የሚሌ መንገድ ሹፌር — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡15

ሰዎች፣ እኔ ከባድ መኪና ነጂ ነኝ። ከኮምቦልቻ ሚሌ፣ ከሚሌ ጅቡቲ። እዚህ ላይ ሹፌሩ ሲወገዝ ዝም ብዬ ላልፍ ነበር። ልጁ ላይ የደረሰው እውነት ነው። ግን ያ የአይሱዙ ሹፌር ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ፣ ጫት ቅሞ፣ «ሽንኩርቱ ይበሰብሳል» ተብሎ ነው የመጣው። እሱም ዛሬ ይተኛ እንደሆነ አላውቅም። የቸኮለው ባለጭነቱ፣ የታሰረው ሹፌሩ።

---

ጠበቃ ነኝ ከደሴ — ሐሙስ፣ መጋቢት 11፣ ከጠዋቱ 3፡00

ሹፌሩ ጥሩ ነገር አነሣ። የእኛ ሕግ ባለንብረቱን የሚይዘው ለዚህ ነው። በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። ጥፋቱን አንተ ማስረዳት የለብህም። ሁለት መኪና ሲጋጭ ደግሞ ተቃራኒ ማስረጃ ካልቀረበ ሁለቱም እኩል እንዳዋጡ ይገመታል (2084)። ተሳፋሪ ስለነበርክ የሚኒባሱንም ባለቤት አብረህ ትከሳለህ፤ ማን ምን ያህል እንደሚሸከም እነሱ ይነጋገሩ።

የሦስተኛ ወገን መድን ሰጪውንም ጨምረህ ክሰስ። በ2005 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ለአካል ጉዳት የተቀመጠው ከፍተኛ መጠን 40,000 ብር ነበር፤ ክሱን ስትጽፍ ያኔ በሥራ ላይ ያለውን መጠን ጠይቀህ ያዝ። መድኑ የማይሸፍነው ከባለንብረቱ ላይ ይፈለጋል።

ወረቀት፦ የትራፊክ ፖሊስ ፕላን፣ የወንጀል መዝገቡ ቁጥር፣ የሕክምና ካርድና ደረሰኝ፣ ከድርጅቱ የደመወዝ ማስረጃ። ሹፌሩ በወንጀል ነጻ ተብሎ ቢሆን እንኳ አትደንግጥ፤ የፍትሐ ብሔሩ ዳኛ በዚያ አይታሰርም (2149)። የዳኝነት መክፈያ ከሌለህ በደሃ ደንብ መክሰስ ይፈቀዳል፤ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡባቸው ማዕከሎች አሏቸው።

አንድ የፈራሁት ነገር አለ። ሥራ ስትለቅ ደብዳቤው ላይ ምን ብለህ ጻፍክ?

---

የቧንቧ ውኃ ልጅ — ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡10

«በግል ምክንያት»። ምን ልበል ጠበቃ፣ «ሚኒባስ ፈራሁ» ብዬ ለሥራ አስኪያጅ ልጻፍ?

---

ጠበቃ ነኝ ከደሴ — ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡22

ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጽፈው፤ ኋላ ተከሳሹ «በፈቃዱ ነው የለቀቀ» ይላል። አብረውህ ይሠሩ ከነበሩት መንገድ ላይ ስትወርድ ያዩህን፣ አርፍደህ በእግርህ የደረስክበትን ቀን የሚያስታውሱትን ሁለት ሰው ፈልግ። የሰዓት መፈረሚያ መዝገብ ካለ የእሱን ቅጂ ጠይቅ።

---

የሐይቁ ዓሣ አጥማጅ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡00

ከትናንት ወዲያ «ተርፈሃል» ያልኩህን አፉ በለኝ። የባቲዋ ከተናገረችኝ ወዲህ ሲከነክነኝ ዋለ።

---

የቧንቧ ውኃ ልጅ — ሰኞ፣ ግንቦት 18፣ ከምሽቱ 2፡45

ይህን ክር እንደገና ለማንሣት ፈርቼ ቆየሁ። ያለበትን ልንገራችሁ።

ነርሷ እንዳለችው ለአምስት ጊዜ ሄጃለሁ። መጀመሪያ ተራ ስጠብቅ የሰፈር ሰው እንዳያየኝ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ ነበር፤ ለካ ጎረቤታችን እዚያው ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። ተያይተን ሳቅን። ሐኪሙ ጦርነቱንም አደጋውንም ለየብቻ ጽፎልኛል። የሽንኩርቱ የቤት ሥራ ተሰጥቶኛል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ጥሬውን እጄ ላይ ይዤ መቀመጥ ብቻ። አሁን እናቴ ቁሌቱን በር ላይ ሆና ታቁላላለች። ወጡ ገና ቤት አልገባም።

ሽማግሌዎቹንም ጠራኋቸው፤ አምባሰል ያሉት አባት በመከሩኝ መሠረት። ሁለቱ መጡ። አንዱ «ይህን ያኔ ብትነግረን ኖሮ» ብለው ዝም አሉ። ባለንብረቱ ግን አልመጣም፤ ወንድሙን ልኮ «ጨርሰናል» አለ። ወረቀቱን የጻፉት ሽማግሌ ለመመስከር ፈቃደኛ ናቸው፦ የታረቅነው ስለ እጅ ነው ይላሉ።

ከሥራ ባልደረቦቼ አንዷ ትመሰክርልኛለች። በእግሬ የደረስኩበትን ቀን ታስታውሳለች፤ ጫማዬ ጭቃ ነበር ትላለች።

ክሱ ተከፍቷል። የሕክምና ወጪ፣ የተቋረጠ ገቢ፣ የወደፊት ሕክምና። በመጨረሻ መሥመር የሕሊና ጉዳት ብር 1,000። ያቺን ሺህ ጠበቃዬ ሊተዋት ነበር፤ እኔ ነኝ ትጻፍ ያልኩት። እሷ የልጅቷ ናት።

አንድ ችግር ብቻ አለ። አደጋው የደረሰበት ወይም ተከሳሹ የሚኖርበት ቦታ ፍርድ ቤት ነው የሚከሰሰው ተባለና፣ ሁለቱም አንድ ሆኑ። መዝገቡ ኮምቦልቻ ነው። ቀጠሮው ሰኔ 11፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ደግሞ ሰኔ ነው፣ ጉሙ መጀመሩ ነው።

---

ጠበቃ ነኝ ከደሴ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ካልቀረብክ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል። ጠበቃህ ወክሎህ ይቀርባል፤ ለመጀመሪያው ቀጠሮ የግድ አንተ መኖር የለብህም። ለምስክር መስማቱ ግን ብትኖር ይሻላል።

---

የሚሌ መንገድ ሹፌር — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

የቧንቧ ውኃ ልጅ፣ ሰኔ 10 ማታ ደሴ ነኝ። ጭነት የለኝም። ከፈለግህ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ እንነሣ፣ ሌላ መኪና ሳይበዛ። ፊት ወንበር ትቀመጣለህ። ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ ነው የምወርደው። ቁም ባልከኝ ቦታ ሁሉ እቆማለሁ፤ አሥር ጊዜም ቢሆን።

---

የቧንቧ ውኃ ልጅ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡50

የጫንከው ሽንኩርት እንዳይሆን ብቻ።

---

የሚሌ መንገድ ሹፌር — ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡52

ባዶ ነው አልኩህ እኮ። ጠርጌም እመጣለሁ።